ክረምቱን ብቻ

ጉለሌ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የዓለምወርቅና ለጋሼ ጉልላት፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ ድሬዳዋ እንዳለው መንገድ ረጅም ሆኖ ይድረሳችሁ። ጉዞው እንዴት ነበር? ሙቀቱስ እንዴት ተቀበላችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን ከደህናም በላይ ደህና ነኝ።

ጋሼ እንዳዘዙት ይኸው በወረቀት ጻፍኩ። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል ብዬ ነበር። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው በወረቀት ያልመጣለትን ነገር እንደተነገረው አይቆጥረውም ሲሉኝ ግን ሳቄ መጣ። ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ በስልክ "ደህና ናችሁ? ደህና፣ እናንተስ? ደህና" ተባብለን እንዘጋዋለን። ወረቀቱን ሌንጮ ያመጣላችኋል። ሌንጮ የድሬዳዋ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሚስቱ ሽሮ ሜዳ ከእኔ ሱቅ አጠገብ ነጠላ ትሸጣለች። የታመነ ሰው ነው፣ ወሬ ብቻ ይወዳል፤ እሱንም ከእኔ ተምሮ ይሆናል።

ቤታችሁ ደህና ነው። እናንተ አልጋ ላይ አልተኛሁበትም፤ የእናንተ ክፍል እንዳለ ነው፣ ትንሿ ክፍል ትበቃኛለች። እትዬ፣ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በሕይወቴ የራሴን በር ዘግቼ ስተኛ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ቤት ስድስት ነበርን፣ ከዚያ ኪራይ ቤት ከሰው ጋር ተዳብዬ ኖርኩ። አሁን ማታ ከሱቅ ስገባ ሳሎኑን አቋርጬ እሄድና እንደገና ተመልሼ አቋርጠዋለሁ፤ ምንም ሥራ የለኝም፣ ዝም ብዬ ነው። ይህን ለሰው አልናገርም፣ ለእናንተ ብቻ ነው።

የጋሼ ኮክ ዛፍ ፍሬ ይዟል። ጎረቤቱ ሁሉ "መቼ ይመለሳሉ?" ይለኛል። "ክረምቱን ብቻ ነው፣ ለመስቀል እዚህ ናቸው" እላለሁ። የምትፈልጉትን ጻፉልኝ።

የእናንተው የሺሀረግ


ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለየሺሀረግ፣

እግዚአብሔር ጤና ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ደርሶናል። ጉልላት ሲነበብለት ስለሚወድ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት።

ከዚራ በሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ይዘናል። ግቢው የአንዲት አይሻ የምትባል ሴት ነው። ሙቀት ነው። ጠዋትም ሙቀት ነው፣ ማታም ሙቀት ነው። ጉልላት እዚያ ሳል ይጥለው እንደነበረው አይደለም፤ እስከ በሩ ደርሶ ይመለሳል። በሽርጥ ነው የሚውለው። ባየሽው ትስቂ ነበር፤ ሰው ይስቃል፣ እኔ አልሳቅሁም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሬዲዮኑን ላኪለት። ሌላ የምጽፈው አላገኘሁም።

አክስትሽ የዓለምወርቅ


ጉለሌ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬና ለጋሼ፣

ጤናችሁን አብዝቶ ይስጥልኝ። ሬዲዮኑን ከባትሪው ጋር በሻሽ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። ጋሼ በሽርጥ! ያን ከነከራቫቱ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው በሽርጥ እያሰብኩ ለደንበኛዬ ከጠየቀችው በላይ ጥለት ቆርጬ ሰጠኋት።

አሁን ደግሞ የማይነገር ነገር ልንገራችሁ፤ ላስደንቃችሁ ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። የመኝታ ቤታችሁን ግድግዳ ቀለም አስቀባሁት። ጋሼን የሚያስላቸው ያ በጥግ በኩል ያለው ሻጋታ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ተፍቆ፣ ተለስኖ፣ ተቀብቶ የእንቁላል አስኳል መስሏል። በመስኮቱ የእንጦጦ ደን ሲታይ እንዴት እንደሚያምር። ለመስቀል ስትገቡ ደረቅ፣ ንጹሕ ክፍል ይጠብቃችኋል።

የእድራችን ዳኛ አቶ አድነው እሑድ መጥተው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የጻፈ ጸሐፊ ሲጠፋ እድር እንዴት እንደሚሆን አየን ይላሉ። መሸሻ ተተክቶ እየጻፈ ነው፤ ግን የጻፈውን ራሱም መልሶ ማንበብ አልቻለም፤ ባለፈው ስብሰባ ለወይዘሮ ኢየሩ ድንኳን ተፈቀደ ብሎ ሲያነብ ሴትዮዋ በሕይወት ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ጋሼ ቶሎ ይድረሱልን ተብሏል። ሲገቡ በግ ለማረድ ከአሁኑ ተማክረዋል፣ አልሰማሁም በሉ።

የሺሀረግ


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሺ፣

ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢና አቃጥዪው። በስልክ ልነግርሽ አልችልም፤ ስልኩ እሱ እጅ ነው፣ እኔም ጆሮዬ የስልክ ድምፅ ስለማይይዝ ድምፁን ከፍቶ ነው የሚሰጠኝ።

በሰኔ ሆስፒታል የሄድን ጊዜ ሐኪሙ ጉልላትን ሊመዘን ወደ ሌላ ክፍል ላከውና በሩን ዘጋ። ሳንባው እየደረቀ ነው አለኝ። የሚመለስ በሽታ አይደለም፣ መዳኛ የለውም። ጉለሌ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ አየሩ ለእሱ አይበቃውም፤ ቆላ ይውረዱ፣ ቆላ ከሆነ ጊዜ ያገኛል አለኝ። ክረምቱን ነው አልኩት። ክረምቱን አይደለም እማማ፣ መመለስ የለባቸውም አለኝ። ጉልላት ተመዝኖ ሲመጣ "ምን አለሽ?" አለ። "ክረምቱን ብቻ ሙቀት ይሻልሃል ብሏል" አልኩት። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። አባቴንም አልነገርነውም፣ ሳያውቅ ነው የሄደው። ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ?

ሲነገረኝ አላለቀስኩም። እስከ ዛሬም አላለቀስኩም። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጣለሁ። የምበላው ምግብ ጨው ይኑረው አይኑረው አይታወቀኝም፤ እሱ ነው የሚነግረኝ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ስለ ቀለሙ ያነበብኩለት ቀን ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አቧራውን ጠረገው። ስለ እድሩ ሲሰማ ለመሸሻ የሚሰጠውን ምክር በወረቀት ጻፈ። ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር ልመለስ ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ከእንግዲህ ሁለት ወረቀት ጻፊ። አንዱን ለእሱ የሚነበብ፣ አንዱን ለእኔ አጥፈሽ። ለእሱ በሚነበበው ጉለሌ ብርዱ የከፋ፣ ዝናቡም ያልቆመ ይሁን። ዋሺልኝ ማለት ከበደኝ እንጂ የምልሽ እሱን ነው።

ለማንም እንዳትናገሪ።

የዓለምወርቅ


ጉለሌ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬና ለጋሼ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ እንደ ምንም አለን። ዘንድሮ የመጣው ዝናብ ዝናብ አይባልም። ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋት ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢ ይገባል፤ ቧንቧው ጋ ለመድረስ በእጄ እየዳበስኩ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ኮኩ እንዳለ ረግፏል። ከላይ የመጣው ጎርፍ በአጥሩ በኩል ገብቶ እስከ ደጁ ደርሷል። ቀለሙም አልደረቀም፣ እንዲያውም ሻጋታው በአዲስ ጉልበት ተመልሷል። ጎረቤቱ ሁሉ እየሳለ ነው። ጋሼ፣ ለመስቀል አይቸኩሉ፤ ክረምቱ ዘንድሮ የሚወጣ አይመስልም። እዚያው ሙቀቱ ጋ ይቆዩልን።

የሺሀረግ

ለእትዬ ብቻ፦

ወረቀትዎን ሱቅ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ዓይኔ ሲያብጥ ደንበኞች ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ሽንኩርት አልኩ። ሱቄ ጥለትና ነጠላ ብቻ እንደሆነ ያያሉ፣ ግን ዝም አሉኝ። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ፤ ትንሽ ሆኜ እርስዎ የደበቁትን ብስኩት ለመንገደኛ ሳይቀር የነገርኩ ነኝ። ይህን ግን ሆዴ ውስጥ ቀብሬዋለሁ።

አሁን የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው። ፀሐይ ነው። አደይ አበባው በየአጥሩ ፈክቷል፣ ኮኩ ጣፍጧል፣ አጥሩ ምንም አልሆነ። እርስዎ እውነቱን ይወቁት ብዬ ነው። ደግሞ ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ፤ ሐኪም ሁሉን አያውቅም።


ድሬዳዋ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

የሺ፣

እንኳን አደረሰሽ። ዝናቡን ቀነስ አድርጊው። ጎርፍ ስትዪ ስለ አጥሩ ተጨንቆ ምሳ አልበላም፤ ግንበኛ ይጠራ ብሎ ለአቶ አድነው ሊደውል ስልኩን ከእጁ ወስጄ ነው ያስቆምኩት። ብርድና ጉም ይበቃል።

እውነቱንም ለእኔ አትጻፊልኝ። ምን ላደርገው ነው?

የዓለምወርቅ


ጉለሌ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ብቻ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥዎትን ሰው ሲያዩ እንዳይደነግጡ። አቶ አድነው ናቸው። ብቻቸውንም አይደሉም።

ከመጀመሪያው ልንገርዎት። እሑድ መስከረም 25 የእድር ስብሰባ ነበር። እኔ ጥግ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ አፌንም ዘግቻለሁ። መሸሻ ተነሥቶ ጋሽ ጉልላት ቆላ ወርደው ፓፓያ እየበሉ እኛን ረስተውናል፣ መስቀልም አለፈ፣ አንድ ቀን እንኳን ደውለው እንዴት ናችሁ አላሉም፣ ጸሐፊነቱን ይተውትና ሌላ ይመረጥ አለ። አንዳንዱም ሳቀ። አንዷ ደግሞ ጡረታ እንዲህ ነው፣ ሀብታም የነበሩ መሆናቸውን ማን አወቀ አለች። ያን ጊዜ አልቻልኩም። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አልቻልኩም። ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሐኪሙ ያለውን፣ መመለስ እንደሌለባቸው፣ መዳኛ እንደሌለው፣ እርስዎ ብቻዎን እንደተሸከሙት።

አቶ አድነው ባርኔጣቸውን አወለቁ። መሸሻ ተቀምጦ ፊቱን በመዝገቡ ሸፈነ። ከዚያ ሄደን እንጠይቃቸው ተባለ። አንዱ ሰው፣ እድራችን ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ በሽተኛ ጠያቂ አይልክም፣ ደንብ ነው አለ። መሸሻ ዓይኑን ጠርጎ የመተዳደሪያ ደንቡን አወጣና በጋሼ በራሳቸው እጅ የተጻፈውን አንቀጽ አሥራ ሰባትን አነበበ። እንዲህ ይላል፦ "ሕመምተኛው ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆነ እድሩ ጠያቂ አይልክም፤ ሐኪም መዳኛ የለውም ያለው አባል እንደሆነ ግን ከሦስት ያላነሱ ሰዎች ሄደው ያዩታል።" ጋሼ ሁሉን አስበው ነው የጻፉት፤ ኮራሁባቸው። ከሦስት ያላነሱ ይላል፣ እነሱ ግን ዘጠኝ ሆነዋል። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል በሌንጮ አውቶቡስ ይነሣሉ።

አይስጉ። ስለ ሕመሙ አንዲት ቃል እንዳይወጣቸው አስምያቸዋለሁ። ለንግድ መጣን ነው የሚሉት። ጋሼ ያን ሁሉ ሰው በአንዴ በሩ ላይ ሲያዩ የሚሰማቸውን ደስታ እያሰብኩ ሥራ መሥራት አቅቶኛል፤ ዛሬ ሦስት ሰው መልስ ረስቼለት ሄዷል። ከሄዱ ወዲህ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምን እንዳሉ ቶሎ ይጻፉልኝ።

የሺሀረግ


ጉለሌ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣

እንደምን አሉ? ሌንጮ ሦስት ጊዜ ደርሶ መጣ፣ ባዶ እጁን ነው። ስደውል ጋሼ አንሥተው ደህና ነን፣ አንቺስ ይሉኛል፤ ድምፃቸው ደህና ነው። እርስዎን ሲሰጡኝ ደህና ነኝ ብለው ይዘጋሉ።

እነ አቶ አድነው በደንብ ተቀበሉን፣ ሳቁ፣ ተጫወቱ፣ እስከ በሩ ሸኙን ነው ያሉኝ። መሸሻ ግን ከመጣ ጀምሮ ሱቄ ደጃፍ ሲያልፍ አያየኝም። የሆነ ነገር አለ። ምን አድርጌያለሁ?

የሺሀረግ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለየሺሀረግ፣

ያቆየሁሽ ተቀይሜሽ አይደለም። እጄ አልጽፍ ብሎኝ ነው። አሁን የሆነውን ልንገርሽ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጉልላት በሽርጥ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። በሩ ተከፈተና አቶ አድነው በዚያ ሙቀት ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው ገቡ። ከኋላቸው ሌሎቹ እየተከታተሉ ገቡ። ጉልላት ሲቆጥራቸው አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዘጠኝ ሲደርስ ተነሣና ሬዲዮኑን ዘጋ።

"ለንግድ መጥተን ነው፣ እግረ መንገዳችንን እንያችሁ ብለን" አሉ አቶ አድነው።

"ምን ትነግዳላችሁ?"

አንዱ ሽንኩርት፣ አንዱ ጨው አለ፣ በአንድ አፍ። ጉልላት ሳቀ። እነሱም ሳቁ። አይሻ ማንጎ ጨምቃ አመጣች። ስለ ጭቃው፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ወይዘሮ ኢየሩ ተጫወቱ። ስለ ጎርፉ ቢጠይቃቸው ምን ጎርፍ አሉት። መሸሻ ብቻ ማንጎውን አልነካም፤ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ሲወጡ ጉልላት እስከ በሩ ሸኛቸው። አቶ አድነውን ለመምጣታችሁ ቃለ ጉባኤ ተይዟል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ተይዟል አሉ። ጥሩ ነው፣ እንደ ደንቡ ነው አላቸው።

ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ የታጠበ ልብስ እያጠፍኩ ነበር።

"ዓለም፣ አንቀጽ አሥራ ሰባትን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

ማጠፌን አላቆምኩም።

"ሐኪሙ ምን አለ?"

ነገርኩት። የልብስ ቁጥር እንደምናገር አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም አላለቀሰም፣ እኔም አላለቀስኩም። እዚህ ብንቆይስ አለ፤ ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ትንሽ አልፎ አልኩት። እዚያስ አለ፤ ጥምቀትን ላታይ ትችላለህ አልኩት። ቤቴ ውሰጂኝ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ካለኝ እሺ ልለው ነበር፤ የምከራከርበት ነገር ውስጤ አልነበረም።

"አንቺ የት መሆን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ።

አርባ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር ምን ይበስላል ተባብለናል፣ ማን ይጠራል ተባብለናል። ይህን ግን ጠይቆኝ አያውቅም፣ ሌላም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። "እዚህ" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። ጉለሌ ሳለን እሱ ሲተኛ እኔ ተቀምጬ ትንፋሹን ስሰማ ነው የማድረው፤ በቆመ ቁጥር የእኔም ይቆም ነበር። እዚህ ይተነፍሳል፣ እኔም እተኛለሁ። ጉልበቴም አያመኝም። ይህን አልነገርኩትም፤ እዚህ ብቻ ነው ያልኩት።

አልወደደውም። ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ሱፉን ለበሰ፣ ከራቫት አሰረ። ሻንጣውን ሊያወጣ ነው ብዬ ቆሜ አየሁት። አላወጣውም። የአይሻን ባል ሙንዲርን ባጃጅ አስጠራውና አብረው ሄዱ። የት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሲመለስ ላቡ ሱፉን አርሶታል፣ እጁ ላይ ደብተር ይዟል። እዚህ ሰፈር እድር ተመዝግቦ ነው የመጣው። ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ነው፣ ሙንዲርም አባል ነው። አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው ቢሞት እድሩ አይቀብርም የሚል ደንብ አላቸው። ጸሐፊያቸው የጉልላትን አተነፋፈስ ሲያይ ያንን ለማንበብ አፍሮ ዘለለው። ጉልላት ተቀብሎ ራሱ ጮክ ብሎ አነበበውና ጽሑፉ ላይ ሁለት ስሕተት አገኘ። እንዲያርምላቸው ለምነውታል።

"ስድስት ወር ነው" አለኝ ከራቫቱን እየፈታ። "ደንብ ስለሆነ ማክበር አለብኝ።"

ስድስት ወሩ ሚያዝያ 9 ይሞላል፣ ፋሲካን ያልፋል። በየጠዋቱ ደንቡን እያረመ ነው፤ አንቀጽ ስምንት ላይ ደርሷል፣ ሠላሳ አንድ አንቀጽ አለው። ምሳውንም ጨው በዝቶበታል አለኝ፤ ቀመስኩት፣ እውነትም በዝቶበታል።

የሺ፣ ሆድሽ አይረበሽ። መሸሻንም ጋሼ አልተቀየመህም በዪልኝ። ትልቁን ክፍል አንቺ ተኚበት፤ እኛ አንመለስም። ዝናቡንም ተዪው፣ ያለውን ጻፊ፣ ይነበብለታል።

አንድ ነገር ግን ላኪልኝ። ከምትሸጪው ውስጥ ስሱን፣ በጣም ስሱን ነጠላ ምረጪልኝ፤ ለእሱም ከዚያው ጨርቅ እጅጌው አጭር የሆነ ሸሚዝ አሰፊ። አይሻ እንደምትለው አሁን ያለው ሙቀት ምንም አይደለም፤ በሚያዝያ ነው የሚብሰው።

አክስትሽ የዓለምወርቅ